«ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል»፦ የአምቦ መንገድና ሳይጻፍ የቀረው ሕግ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ቡራዩንና ሆለታን ያለፈ መንገደኛ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ አዲስ ዓለም ይደርሳል። እዚያ ኮረብታ ላይ ያለችው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ግንባታዋ ሲጀመር የታሰበችው ለቤተ መንግሥት ነበር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ደን ተጨፍጭፎ ማገዶ ሲጠፋ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ ቆርጠው ነበር። ግንቡ ተጀመረ፤ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ መንገድም ተሠራ። ከዚያ ሐሳቡ ተቀየረ። ባሕር ዛፍ በፍጥነት አድጎ የማገዶውን ችግር አቃለለ፣ መኳንንቱና የውጭ መልእክተኞችም አዲስ አበባ ላይ የሠሩትን ቤት ጥለው መሄድ አልወደዱም። የአዲስ ዓለሙ ሕንፃ ለቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ ዋና ከተማውም ባለበት ቀረ።

ዋና ከተማው ባይዛወርም ጥያቄው ግን በዚህ መንገድ ላይ ሲመላለስ ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ዋና ከተማ የማን መሬት ላይ ይቀመጣል? ሲሰፋ ማን ይነሳለታል? የሚጠጣው ውሃ ከየት ይመጣል? ቆሻሻውስ ማን ደጅ ይደፋል? ስለ ኢትዮጵያ አንድነት ብዙ ይጻፋል፣ ብዙ ይዘመራል። አንድነቱ የሚፈተነው ግን እንዲህ ባለው የውሃና የመሬት ነገር ነው።

ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አምቦ የተነሳችው በአንድ የከተማ ፕላን ምክንያት ነበር። «የአዲስ አበባና ዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን» ዋና ከተማዋንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድ ካርታ የሚያስተሳስር ነበር። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሆለታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ገላን፣ ዱከም ካርታው ውስጥ ነበሩ። አምቦ ግን አልነበረችም። ከአዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ፕላኑ ተግባራዊ ቢሆን ከከተማዋ አንድ ጋሻ መሬት አይነካም ነበር። ታዲያ ተማሪዎቿ ለምን አደባባይ ወጡ? ሚያዝያ 22 ቀን ጥይት ሲተኮስስ ለምን አልተበተኑም?

መልሱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 መጨረሻ ላይ ባለች አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገኛል፦ «ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል»። ይህ ከተጻፈ ሦስት አሥርት ዓመታት አለፉ። ዝርዝሩ ግን አልተወሰነም።

የአንድ ዓመት ሁለት ውሳኔዎች

የዚህችን ዓረፍተ ነገር ክብደት ለማየት ለጥቂት ጊዜ ወደ ሌላ አገር፣ ወደ ሌላ ዘመን መሻገር ይጠቅማል። ዛሬ የኃያልነት ምሳሌ የሆነችው አሜሪካ በልጅነቷ ለመፍረስ ምን ያህል ቀርባ እንደነበረ ብዙ ሰው አያስታውስም።

እ.ኤ.አ. በ1790 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ገና ሁለተኛ ዓመቱን መያዙ ነበር። 13ቱ ግዛቶች በነጻነቱ ጦርነት ብዙ ተበድረዋል። የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተን 25 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚሆነውን የግዛቶቹን ዕዳ ፌዴራል መንግሥቱ ይረከበው አለ። ዕዳ የተከመረባቸው እንደ ማሳቹሴትስ ያሉ ግዛቶች ደስ አላቸው። አብዛኛውን ዕዳዋን የከፈለችው ቨርጂንያ ግን «የራሳችንን ከፍለን የሌላውን ልንከፍል ነው ወይ?» ብላ ተቆጣች። ምክር ቤቱ ሐሳቡን ጣለው። በዚያው ሰሞን ዋና ከተማው የት ይሁን የሚለውም አላስማማም። ሰሜኖቹ ኒው ዮርክን ወይም ፊላዴልፊያን ይፈልጋሉ፤ ደቡቦቹ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ይሁን ይላሉ። «ኅብረቱ ይፍረስ» የሚል ወሬ በምክር ቤት አባላት ዘንድ በግልጽ ይነገር ጀመር።

በሰኔ ወር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቶማስ ጄፈርሰን ሃሚልተንንና የቨርጂንያውን ጄምስ ማዲሰንን ቤቱ እራት ጠራቸው። በማዕዱ ላይ የተያዘው ድርድር ቀላል ነበር። ደቡብ በዕዳው ጉዳይ ይለዝባል፣ ዋና ከተማው ወደ ፖቶማክ ይሄዳል። ፔንሲልቬንያም እንዳታኮርፍ ፊላዴልፊያ ለአሥር ዓመት ጊዜያዊ መቀመጫ ትሆናለች። ቨርጂንያ ሒሳቧ ታይቶላት እንዳትጎዳ ተደረገ። ሁለቱም ጉዳዮች በዚያው ክረምት አዋጅ ሆነው ወጡ። የከተማው ስፋት 100 ስኩዌር ማይል እንዲሆን ተወሰነ፤ መሬቱን ሜሪላንድና ቨርጂንያ በፈቃዳቸው ሰጡ፤ መንግሥት የሚገባበት ዓመትም 1800 ተባለ። ስፋቱ፣ ጊዜውና ሰጪው ሁሉ ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1800 መንግሥት እንደተባለው ገባበት። ከዚያ ወዲህ አሜሪካውያን በብዙ ነገር ተጋድለዋል፤ በዋና ከተማቸው ቦታ ግን ደም አልፈሰሰም።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው ምክር ቤት ሌላ ጉዳይም ቀርቦ ነበር። የኩዌከር እምነት ተከታዮች ባርነት እንዲያበቃ አቤቱታ አስገቡ፤ ሽማግሌው ቤንጃሚን ፍራንክሊን የሚመሩት ማኅበርም አቤቱታውን ደገፈ። የያኔው የሕዝብ ቆጠራ 700 ሺህ ገደማ ሰዎች በባርነት እንደሚኖሩ አሳይቷል። ምክር ቤቱ በመጋቢት ወር የሰጠው መልስ «በየግዛቱ ባለው የባርነት ጉዳይ ጣልቃ ለመግባት ሥልጣን የለኝም» የሚል ነበር። ሕገ መንግሥቱም ቀድሞ የባሪያ ንግዱን ጉዳይ እስከ 1808 እንዳይነካ አድርጎት ነበር። በአማርኛ «ይዋል ይደር» ማለት ነው። ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ ብቻ እንዲህ አልወሰኑም። ኅብረቱ ገና ለጋ ነው፣ ይህን ጉዳይ ከነካነው ይፈርሳል ብለው ፈሩ።

ፍርሃቱ እውነት ነበረው፤ መድኃኒቱ ግን በሽታውን አከረመው። እ.ኤ.አ. በ1798 ቨርጂንያና ኬንታኪ የፌዴራሉን ሕግ አንቀበልም ሲሉ ጮኹ። እ.ኤ.አ. በ1814 ደግሞ ተራው የሰሜኖቹ ሆነና የኒው ኢንግላንድ ግዛቶች ሃርትፎርድ ላይ ተሰብስበው ቅሬታቸውን ደረደሩ። እ.ኤ.አ. በ1820 በሚዙሪ ጉዳይ መስመር ተሰመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1832 ሳውዝ ካሮላይና የፌዴራሉን የቀረጥ ሕግ በግዛቷ ሻርኩት አለች። በመሃል ጆርጅ ዋሽንግተን ሥልጣን ሲለቁ ሕዝቡ በሰሜንና በደቡብ እንዳይከፋፈል መክረው ነበር። ምክሩ ተነበበ፣ ተደነቀ፣ በትምህርት ቤት ተጠና። ያደረው ጉዳይ ግን ምክር አይሰማም። ከ700 ሺህ ተነስቶ የባሮቹ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ተጠጋ። በቀጣዩ ዓመት የተጀመረው የእርስ በርስ ጦርነት ከ600 ሺህ በላይ ሰው በልቶ አበቃ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አሜሪካን አምጥቶ ኢትዮጵያ ላይ መለካት አይደለም። የሁለቱ አገሮች አመጣጥ ይለያያል። አንዱ ቅኝ ግዛቶች በስምምነት የመሠረቱት ነው፤ ሌላው ዕድሜ ጠገብ መንግሥት ወደ ፌዴሬሽን የተለወጠበት ነው። ትምህርቱ አንድ ነገር ብቻ ነው። በአካባቢዎች መካከል ውጥረት መኖሩ አገር አያፈርስም፤ ውጥረት የሌለበት ትልቅ አገር የለም። ቁጥርና ቀን ተቆርጦለት የተጻፈ ድርድር ጠብን ያበርዳል። «ለኅብረቱ ሲባል» ተብሎ የታለፈ ጉዳይ ግን ወለድ እየጨመረ ይመጣል።

ሜጫና ቱለማ

አሁን ወደ አምቦ መንገድ እንመለስ። የኦሮሞ የትውልድ ሐረግ ሲቆጠር ሜጫና ቱለማ ወንድማማቾች ናቸው። በግርድፉ የአዲስ አበባ ዙሪያ የቱለማ፣ ከአምቦ ወደ ምዕራብ ያለው ደግሞ የሜጫ አገር ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አምቦ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ያኔ በመንግሥት ወረቀት ላይ ስሟ «ሀገረ ሕይወት» ነበር፤ ሕዝቡና የማዕድን ውሃዋ ግን አምቦ ማለትን አልተዉም።

ይህ ምድር ከአገር አንድነት ታሪክ ውጭ ሆኖ አያውቅም። በምኒልክና ከዚያ በኋላ በነበረው ዘመን የጦር ሚኒስትር የነበሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ከጨቦ የተነሱ ናቸው። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ገረሱ ዱኪ ከወሊሶ ዙሪያ ተነስተው ጣሊያንን እንቅልፍ ነሱት። ከዚህ ምድር የወጣ ሰው ስለ መንግሥት ሲያማርር «አገር አይወድም» ማለት ታሪክን አለማወቅ ነው።

በ1955 ዓ.ም. የተጠነሰሰው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ስሙን ከሁለቱ ወንድማማቾች ወሰደ። ዓላማው መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ መሥራት ነበር። አባላቱ እያዋጡ፣ በየወረዳው እየተሰበሰቡ ሠሩ። በሊቀ መንበርነት ኮሎኔል ዓለሙ ቂጤሳ መሩት፤ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ አዛዥና የማንበብና መጻፍ ትምህርት ዘመቻ መሪ የነበሩት ጄኔራል ታደሰ ብሩም ተቀላቀሉት። እንዲህ ያለው ማኅበር ለመንግሥት ዕድል ነበር። ቅሬታ ያለው ሕዝብ በሕጋዊ ወረቀት፣ በስብሰባና በመዋጮ ጥያቄውን ይዞ ሲመጣ ሊያነጋግሩት ይቻላል። ሆኖም ጥርጣሬው በለጠ። በ1959 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሲኒማ ቤት የፈነዳው ቦምብ ምክንያት ሆኖ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ማኅበሩ ተዘጋ። ጄኔራል ታደሰ ሞት ተፈርዶባቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተቀየረላቸው። ከአብዮቱ በኋላ በመጋቢት 1967 በደርግ ተገደሉ፤ የገጠር መሬት አዋጁ የካቲት 25 ከታወጀ ገና ወር አልሞላም ነበር።

ያ አዋጅ ጭሰኛውን ከባለ ርስት ነጻ አወጣ። በኦሮሚያም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ትልቅ ለውጥ ነበር። ነገር ግን መሬትን ከባለ ርስቱ ነጥቆ በመንግሥት እጅ አስገባው። ከዚያ ወዲህ ገበሬን ከመሬቱ ማንሳት የመንግሥት ውሳኔ ብቻ ሆነ። ከተማ ሲሰፋ ገበሬው የሚደራደረው ከገዢ ጋር መሆኑ ቀረና ከቢሮ ጋር ሆነ።

«ልዩ ጥቅም» እንዴት ተጻፈ?

በጥር 1984 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ አዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱን በ14 ብሔራዊ ክልላዊ መስተዳድሮች ሲከፍል አዲስ አበባ ክልል 14 ሆነች። ያ አዋጅ ኦሮሞ በሐረሪና በአዲስ አበባ ላይ ያለው «ልዩ ጥቅምና የፖለቲካ መብት» የተጠበቀ ነው ይላል። ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን «የፖለቲካ መብት» የሚለውን ትቶ «ልዩ ጥቅም» የሚለውን አስቀረ። አንቀጽ 49 አራት ነገር በአንድ ገጽ ላይ ለማስማማት ሞክሯል። አዲስ አበባ የፌዴራል መንግሥቱ ዋና ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ ራሳቸውን በራሳቸው የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አላቸው። አስተዳደሩ ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥቱ ነው። ኦሮሚያ ደግሞ በአገልግሎት አቅርቦት፣ በተፈጥሮ ሀብትና ከተማዋ በመሀሉ ስለምትገኝ በሚነሱ የጋራ አስተዳደር ጉዳዮች ልዩ ጥቅሙ ይጠበቅለታል። እንዴት? ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል።

ሕገ መንግሥት ዝርዝርን ለሕግ መተዉ ነውር የለበትም፤ የሁሉም አገር ሕገ መንግሥት ያደርገዋል። ነውሩ ሕጉ ሳይወጣ መቅረቱ ነው። ለመደራደር ምቹው ጊዜ በ1987 እና በ1988 ነበር። ከተማዋ ገና አልተንሰራፋችም፣ የዙሪያዋ መሬት ዋጋ እንደ ዛሬው አልናረም፣ ድርድሩም በሁለቱም ወገን ያን ያህል የሚያቃጥል ኪሳራ አልነበረበትም። ያን ጊዜ ግን ሁለቱም ወገኖች የአንድ ግንባር አባላት ስለነበሩ ጉዳዩ በፓርቲ ትእዛዝ ይመራ ነበር። ፓርቲ ባለበት ሕግ አያስፈልግም ተባለ። ፓርቲው ሲደክም ሕጉ እንደሌለ ታወቀ።

የኦሮሚያ ዋና ከተማ ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። በ1992 ዓ.ም. መቀመጫው ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር ተወሰነ። ተማሪዎች ተቃወሙ፣ ከዩኒቨርሲቲ ተባረሩ፤ እንደገና የተቋቋመው የሜጫና ቱለማ ማኅበር መሪዎችም በ1996 ታሰሩ። በ1997 ኢሕአዴግ አዲስ አበባን በምርጫ በተሸነፈ ማግስት መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ሲሄድም ሲመለስም ሕዝብ አልተጠየቀም። የአምቦና የጊንጪ ወጣት ከዚህ የተረዳው ግልጽ ነበር፦ ዋና ከተማው የድርድር ውጤት ሳይሆን የወቅቱ ፖለቲካ እንደፈለገ የሚያንቀሳቅሰው ዕቃ ነው።

በዚህ መሃል ከተማዋ ትሰፋ ነበር። የካሳ አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ ካለፉት አምስት ዓመታት የነበረው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር እጥፍ ተሰልቶ እንዲከፈለው ይላል። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ስሌቱ የጤፍና የስንዴ ነው። መሬቱ በማግስቱ በሊዝ ሲሸጥ የሚያወጣው ዋጋ ስሌቱ ውስጥ የለም። ትናንት ጎተራው ሙሉ የነበረ ሰው ካሳውን ጨርሶ በራሱ ማሳ ላይ በተሠራው ሕንፃ ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠር ልጆቹም የዘመዶቹም ልጆች አዩ። ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተሻሽሎ ስሌቱ ከፍ ብሏል፤ ሆኖም የመጣው ከሁሉ ነገር በኋላ ነበር።

የአምቦ ምላሽም ከዚህ ይመነጫል። ከቡራዩ የተነሳ ገበሬ ዘመዱ ጊንጪ ነው፤ የጊንጪው ልጅ የሚማረው አምቦ ነው፤ አንዱ መንገድ ሁሉንም ያገናኛል። ማስተር ፕላኑ ይፋ ሲሆን ቴክኒኩን የተረዳው ጥቂት ሰው ሊሆን ይችላል። «ማን ወሰነ? ማንን ጠይቆ?» የሚለውን ግን ሁሉም ተረዳ። ሕጉ ቢኖር ኖሮ ፕላኑ መቼ፣ በማን ፈቃድ፣ በምን ካሳ እንደሚሠራ የሚጠቀስ አንቀጽ ይኖር ነበር። አንቀጽ ስለሌለ መከራከሪያው አደባባይ ሆነ።

የመዘግየት ዋጋ

በሚያዝያ 2006 በአምቦ ስንት ሰው እንደሞተ መንግሥትና ነዋሪው አልተስማሙም። መንግሥት ጥቂት ሰዎች አለ፤ የዓይን እማኞች ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ቆጠሩ። ነገሩ ለጊዜው ተዳፈነ። ኅዳር 2 ቀን 2008 በዚሁ መንገድ ላይ ባለችው ጊንጪ ተማሪዎች በአካባቢያቸው ደንና በመጫወቻ ሜዳቸው ምክንያት ወጡ። የተዳፈነው እሳት ነደደ። በጥር 2008 ማስተር ፕላኑ ተሰረዘ። ከ20 ወራት በፊት ቢሰረዝ ወይም ለውይይት ቢቀርብ ብዙ ልጆች በሕይወት በኖሩ ነበር። አሁን ግን ጥያቄው ከፕላኑ አልፎ ሄዶ ነበር። መስከረም 2009 በቢሾፍቱ ኢሬቻ ላይ የብዙዎች ሕይወት ጠፋ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጥቅምት 2010 ስኳር በጫኑ መኪኖች ምክንያት አምቦ እንደገና ደም አፈሰሰች። በዚያው ዓመት የካቲት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። ተተኪያቸው ዐቢይ አሕመድ በተሾሙ በዘጠኝ ቀናቸው፣ ሚያዝያ 3፣ አምቦ ተገኙ። ለመንግሥት ለውጥ የከተማዋ ድርሻ ምን ያህል እንደነበረ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልገውም።

ሕግ ማጣት የጎዳው ኦሮሚያን ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባን ነዋሪም ገድሏል። የከተማዋ ቆሻሻ ለአሥርት ዓመታት የሚደፋው ቆሼ ነበር። በ2008 ሰንዳፋ አጠገብ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ ተከፈተ። ገበሬዎቹ ሽታውንና ብክለቱን ተቃወሙ፤ በቂ ውይይትም ተጨባጭ ጥቅምም አላገኙም ነበር። ወራት ሳይቆይ በክረምቱ ተዘጋና ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሼ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ እዚያው ጎጆ የቀለሱ ድሆች ነበሩ። አንቀጽ 49 «የጋራ አስተዳደር ጉዳዮች» ያለው ይህንኑ ነበር። ቆሻሻው የት ይደፋል፣ ለሚቀበለው ቀበሌ ምን ይከፈላል፣ ብክለቱን ማን ይቆጣጠራል የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ተጽፈው ቢሆን ኖሮ ሰንዳፋ ባልተቆጣች፣ ቆሼም ባልተናደች ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል።

ሰኔ 20 ቀን 2009 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የልዩ ጥቅሙን ረቂቅ አዋጅ አጽድቆ ለተወካዮች ምክር ቤት መራው። ረቂቁ ስለ ከተማዋ ስም፣ ስለ አፋን ኦሮሞ በከተማዋ ሥራ ላይ መዋል፣ ስለ ተነሺ ገበሬዎችና ስለ ሌሎችም ጉዳዮች ይናገር ነበር። ለአንዱ ወገን በዛ፣ ለሌላው አነሰ። 22 ዓመት ዘግይቶ የመጣ ረቂቅ ሁለቱንም የሚያረካ ሊሆን አይችልም ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት የአንዱ ቁጣ የሌላውም ሥጋት አድጓል። ምክር ቤቱም ሳያጸድቀው ቀረ።

ከዚያ ሰኔ 22 ቀን 2012 መጣ። በአምቦ ተወልዶ ያደገው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። በማግስቱ አስከሬኑ በዚሁ መንገድ ወደ አምቦ ሲጓዝ ቡራዩ ላይ «ቀብሩ ፊንፊኔ ይሁን» በሚሉ ሰዎች ተመለሰ። የቤተሰቡ ፍላጎት አምቦ ነበር፤ ሰኔ 25 ቀን እዚያው ተቀበረ። ስለ ዋና ከተማው ያልተቋጨው ክርክር የአንድ ወጣት ሬሳ ላይ ደረሰ። በዚያ ሰሞን በተነሳው ሁከት ፖሊስ እንደገለጸው ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት የወደቁም፣ በማንነታቸው ተለይተው በገዛ ሠፈራቸው የተገደሉም ነበሩ።

የነዋሪው ጥያቄ

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መከራከሪያ ይነሳል። አዲስ አበባ ሚሊዮኖች ተወልደው ያደጉባት ከተማ ናት። ጉራጌው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ትግሬው፣ ዶርዜው ሠርቶ የገነባት ናት። «ልዩ ጥቅም» ሲባል ብዙው ነዋሪ የሚሰማው «አንተ እንግዳ ነህ» የሚል ነው። ይህ ስሜት ተራ ፍርሃት ተብሎ መናቅ የለበትም።

የአሜሪካው ታሪክም እዚህ ላይ ጉድለት አለበት። የ1790ው ድርድር በግዛቶች መካከል ሲዋጣ በከተማው የሚኖረውን ሰው ረሳው። እ.ኤ.አ. ከ1801 ጀምሮ የዋሽንግተን ነዋሪ ድምፅ አጣ። ለፕሬዝዳንት መምረጥ የቻለው እ.ኤ.አ. በ1961 በጸደቀ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ራሱን የማስተዳደር ሕግ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ዛሬም በኮንግረስ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የለውም። ጥሩ ድርድር ነው ቢባልም ጠረጴዛው ላይ ያልተቀመጠው ሰው ከፈለበት።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በዚህ ረገድ ይሻላል፤ የነዋሪውን ራስን የማስተዳደር መብት በዚያው አንቀጽ ውስጥ አስቀምጧል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሕግ ሁለቱን ወገን የሚያስቀምጥ ነው። የገፈርሳ፣ የለገዳዲና የድሬ ውሃ ለከተማዋ ሲመጣ ግድቡ ዳር ያለው ገበሬ ቧንቧ ይገባለታል ወይ? ከተማዋ ስትሰፋ ተነሺው ከሊዙ ዋጋ ድርሻ ይኖረዋል ወይ? ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ባለ ጉዳይ አዲስ አበባ ላይ በቋንቋው ይስተናገዳል ወይ? ነዋሪው ደግሞ ከንቲባውን በምርጫው ይሾማል ይሽራል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች የማንነት ጦርነት ሳይሆኑ በቁጥር፣ በብርና በቀን የሚመለሱ ናቸው። «አዲስ አበባ የማን ናት?» ብሎ መጠየቅ መልስ የለውም፤ «ውሃው በስንት ይከፈላል?» ብሎ መጠየቅ ግን መልስ አለው።

በ2014 መጨረሻ የአዲስ አበባና የኦሮሚያ አስተዳደሮች ወሰን ተካለሉ። በ2015 በከተማዋ ዙሪያ ሸገር ከተማ ተመሠረተ። ሁለቱም ቀላል ውሳኔዎች አይደሉም። ሆኖም እንደ ወትሮው በአስተዳደር ስምምነት የመጡ ናቸው። አስተዳደር ሲለወጥ የሚለወጥ ስምምነት ከ1992ቱና ከ1997ቱ ውሳኔ ብዙ አይለይም።

ዕዳው የት ደረሰ?

ዛሬ የአምቦ መንገድ ሌላ ጭንቀት አለበት። ከ2011 ወዲህ ምዕራብ ሸዋ በመንግሥት ኃይሎችና መንግሥት «ሸኔ» በሚለው፣ ራሱን «የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት» ብሎ በሚጠራው ታጣቂ ቡድን መካከል በሚደረግ ውጊያ ውስጥ ወድቋል። መንገደኛ ከመነሳቱ በፊት «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ ይደውላል። ነጋዴው እህሉን፣ ሾፌሩ ሕይወቱን ይሰጋል። በ2015 እና በ2016 ታንዛኒያ ላይ የተደረጉት ሁለት ድርድሮች ያለ ውጤት ተበተኑ። በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ደግሞ አጀንዳ ሰብስቧል፤ የዋና ከተማው ጉዳይ በየትኛውም አጀንዳ ዝርዝር ውስጥ ሳይነሳ የሚቀር አይመስልም።

ይህ ጦርነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ተነሳ ማለት አይቻልም፤ ብዙ ሰበብ አለው። ነገር ግን ያደረ ጉዳይ ሲበዛ በሕግ የሚያምን ሰው እያነሰ፣ በመሣሪያ የሚያምን ሰው እየበዛ ይሄዳል። በ1955 ዓ.ም. መዋጮ ይዞ የመጣው ማኅበር ተዘጋ። በ2006 መፈክር ይዞ የወጣው ተማሪ ተተኮሰበት። ቀጥሎ የሚመጣው ምን ይዞ እንደሚመጣ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር።

አገር ወዳዱ ሁሉ «አንድነት» ይላል፤ መልካም ነው። አንድነት ግን እንደ ጋብቻ ውል ይፈልጋል። ሽማግሌዎቹ «ለፍቅር ሲባል ይለፍ» ብለው ያለፉት ዝርዝር በኋላ በችሎት ይነሳል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። በአንቀጽ 49 መጨረሻ ያለችው ዓረፍተ ነገር ዛሬም እንደ ተጻፈች አለች። የሚጽፋትን ምክር ቤት ትጠብቃለች፤ የአምቦ መንገድም እንዲሁ።